ጠቋሚዋ መሃል ላይ ስትቆም

«ነካች!» እላለሁ።

ልጄ ምንም ሳትጠይቅ ሚኒባሱን የዳገቱን ጥግ ታስይዘዋለች። ሞተሩን ታጠፋለች፣ የእጅ ፍሬኑን ትስባለች፣ ግንባሯን መሪው ላይ ትደፋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ነን። የሙቀት ጌጁ ጠቋሚ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን ነጭ ፕላስተር ስትነካ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታቆማለች፣ ሞተሩ እስኪበርድ አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው። የተማሪዎቹ ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ አንዱ ላይ ብቻ መካኒኩ ተቀምጧል።

ሰው ሁሉ የሚጠራው «ጆሮ» ብሎ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የመኪና ሕመም ያዳምጣል። ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ አዳምጦ ምንም አላገኘም። «አብሬያችሁ ልውጣና ሲሞቅ ልየው፤ ካልሆነ ሞተሩን አወርደዋለሁ» ብሎ ነው የመጣው። ሞተር ከወረደ ደግሞ ሳምንት መቆም ነው። ትምህርት ቤቱ «ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቀን ብታረፍጂ ልጆቹን ለሌላ ሹፌር እንሰጣለን» ብሏታል።

ጆሮ ተነስቶ በመካከላችን አንገቱን ያሰግጋል። ጌጁን ያያል፣ ልጄን ያያል። ገና ከመቆማችን እንቅልፍ ወስዷታል።

«እማማ» ይለኛል በሹክሹክታ፣ «ይቺን ፕላስተር ማን ነው እዚህ ያወረዳት?»

«አንተ አይደለህ የለጠፍካት?»

«እኔማ የለጠፍኳት እዚህ ጋ ነው።» ጣቱን ከቀዩ መስመር ሥር ያደርጋል። «ያኔ የሞተሩ የውሃ ቱቦ ሲያፈስ። አሁን ያለችው መሃል ላይ ነው። መሃል ደግሞ ጤናው ነው። ጠዋት ሲነሳ ጠቋሚዋ ታች ናት፤ ትንሽ ከሄደ መሃል ትደርስና ቀኑን ሙሉ እዚያው ትቆማለች። ዳገት ላይ ትንሽ ከፍ ብትልም ሜዳ ላይ ትመለሳለች። እንዲያውም መሃል አልደርስ ካለች ነው የምጠረጥረው።»

«እኔ እኮ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ…»

«እርስዎ ሳይሞቅም ነው በቅጠል ያሉት!» ሳቁ ያመልጠዋል። እኔ አልስቅም። ሲያየኝ እሱም ይተወዋል።

ምን ብዬ ልንገረው? ልጄ ማታ ማታ የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ደግሞ ይህን መኪና ታስነሳለች። ቤት ያለችው የልጅ ልጄ እናቷን የምታውቃት በጀርባዋ ነው፤ ወይ ስትወጣ ወይ ተኝታ። አንዱን ሥራ ተዪው ስላት «የቱን?» ትለኛለች። ያን ቀን ቱቦው አፍስሶ ሞተሩ እስኪበርድ ስንጠብቅ፣ መሪው ላይ ድፍት ብላ ተኛች። አሥር ደቂቃ ብቻ። ስትነቃ ዓይኗ የሰው ዓይን መሰለ። በማግስቱ መኪናው ተሠራ፣ ጠቋሚዋም ፕላስተሯ ጋ ሳትደርስ ቀረች። እኔ ግን እንደ ወትሮው በረዳትነት ከጎኗ ተቀምጬ የዓይኗ ቆብ ሲወርድ አየሁ፤ ከኋላችን አሥራ አንድ ሕፃን ይንጫጫል። አመሻሽ ላይ ዳሽቦርዱን ስወለውል ፕላስተሯን ላጥኩና በአውራ ጣቴ ስፋት ዝቅ አደረግኳት።

ይህን ሁሉ ለጆሮ አልነግረውም። «ትንሽ እንድታርፍ ብዬ ነው» ብቻ እለዋለሁ።

«እማዬ።»

ልጄ ግንባሯን ከመሪው አላነሳችም፤ ዓይኗንም አልገለጠችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተሠራ ማግስት።»

«የልጆቹ እናቶች በየቀኑ ፊት ይነሱኛል። መኪናዬን ጠላሁት። ትናንት ልሽጠው ብዬ ሰው አነጋገርኩ፣ ታውቂያለሽ?»

«አላወቅኩም።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«መች ሳልነግርሽ ቀረሁ? ተኚ ስልሽ ‹እሺ› ትዪና ትነሻለሽ። አንቺ የምትሰሚው መኪናሽን እንጂ እኔን አይደለም።»

ቀና ትላለች። መሪው ግንባሯ ላይ ቀይ መስመር ትቶባታል። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ። እሷ ግን ወደ መካኒኩ ዞራ፣ «ታዲያ ምንም የለውም?» ትላለች።

«ምንም። ከሦስታችንም የሚሻለው እሱ ነው።»

ልትስቅ ትሞክራለች፤ ሳቁ መንገድ ላይ ይቀርና ፊቷን በሁለት መዳፏ ትሸፍናለች። ከእጇ ሥር፣ «ሰኞ አላረፍድም ማለት ነው» ትላለች። ለማን እንደምትናገር አላውቅም።

ጆሮ ወርዶ በእሷ በኩል ያለውን በር ይከፍታል። «ውረጂ። ዳገቱን እኔ ልንዳው።»

«ደህና ነው አላልክም?»

«ብልስ? ራሴን አላምንም። ኋላ ሂጂ።»

ከመጨረሻው ረጅም ወንበር ላይ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጋደም ትላለች። ሹራቤን አወልቄ አለብሳትና ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። ጆሮ ፕላስተሯን ልጦ ከቀዩ መስመር ሥር መልሶ ይለጥፋታል። እንነሳለን። ጠቋሚዋ መሃል ላይ ናት፤ አልወጣችም፣ አልወረደችም። ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ። ዳገቱን ጨርሰን፣ ቁልቁለቱን ወርደን እስክናበቃ ከኋላ የሚሰማኝ የልጄ ትንፋሽ ብቻ ነው።

የጆሮ ጋራዥ ይታያል። በሩ ላይ ኮፈኗ የተከፈተ መኪና ቆማለች፤ ባለቤቷ ጆሮን ሲያይ እጁን ያነሳል። ጆሮ ፍሬን አይነካም። «አለፍከው እኮ» ልለው አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ። በስፖኪዮው አንዴ ወደ ኋላ ያያል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ እጁን እንዳነሳ የቀረውን ሰውዬ በቀስታ አልፈን ቀጥ ብለን እንሄዳለን።