የጓሮዋ ቤት መያዣ

ጸጉር አስተካካዩ ሚስቱን ከቀበረ በኋላ በተከራዩዋት የጓሮ ቤት መኖር አቃተው። እህቱ ዘንድ ሊጠጋ ወሰነ። ከመሄዱ በፊት ግን ለሚስቱ መቃብር ድንጋይ ማስጠረብ ፈለገ። ለዚያ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ደግሞ አከራዩ እጅ ነው፤ ቤቱን ሲይዙ የሰጡት መያዣና በቅድሚያ የተከፈለው ኪራይ።

ገንዘቡ የሚስቱ የላብ ዋጋ ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች። የቤቱን ጉዳይ ሁሉ፣ ከአከራዩ ጋር መነጋገሩንም ጭምር፣ የምትጨርሰው እሷ ነበረች። እሱ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ወሬ ሲሰልቅ ስለሚውል ማታ ቤት ሲገባ አፉ ይዝላል። ራቱን በልቶ ይተኛል። እሷም ለምዳዋለች ይል ነበር።

የሞተችው በድንገት ነው። አንድ ረፋድ ላይ ሻንጣ ይዛ መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጫት። ሻንጣው እንደተቆለፈ አልጋው ሥር ተቀምጧል። የደንበኞቿ ልብስ ነው፣ ባለቤቶቹ ሲመጡ ይወስዱታል ብሎ አልነካውም። እስካሁን መጥቶ የጠየቀ ሰው ግን የለም።

ከሁሉ በላይ አንጀቱን የሚበላው የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነገር ነበር። ሸሚዝ እንዴት እንደሚተኮስ አጠገቡ ቆማ አሳየችው። ሾርባ መሥራት አስተማረችው። ብቻህን ብትሆን ምን ትበላለህ ብትለው ሳቀባት። አሁን ይህን ለደንበኞቹ እየተረከ ያለቅሳል።

«ሞቷን አውቃው ነበር» ይላል። «እኔን መስመር አስይዛ ነው የሄደችው።»

ምላጭ ይዞ ለሚያለቅስ ሰው አንገቱን ያስረከበ ደንበኛ ከማዘን ሌላ ምን ምርጫ አለው? ሁሉም አብረውት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

አከራዩ ሽማግሌ ነው። ጸጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ገንዘቡን ሲጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ትንሽ ታገሰኝ አለው። በሌላ ቀን ቤቱን ልየው አለ። ዞሮ አየ፤ ግድግዳው ላይ አንዲት የምስማር ቀዳዳ እንኳ ባለማግኘቱ ያዘነ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ሲሄድ የሽማግሌው ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ የለም አለችው። የባሏ ሳል ግን ከጓዳ ይሰማል።

ሽማግሌው ጸጉሩን ከእሱ በቀር ለማንም ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ግን ሱቁን ረግጦት አያውቅም። ጸጉሩ አድጎ ጆሮውን ሸፍኗል፤ በሱቁ ፊት ለፊት ማለፍ ሲኖርበት ማዶውን ይዞ ይሄዳል።

ደንበኞቹ ወዲያው ፈረዱ። ደም መጣጭ ነው አሉት። የሟች ገንዘብ እንዴት በጉሮሮው ይወርድለታል አሉ። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ሽማግሌውን ሰላም የሚለው ሰው ጠፋ። እሱም አንድ ቀንም ቀና ብሎ አልተከራከረም፤ ይህ ደግሞ ጥርጣሬውን ሁሉ እውነት አስመሰለው።

በመጨረሻ የጸጉር አስተካካዩ ትዕግሥት አለቀ። በጠዋት ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀውና ሽማግሌው ብቅ ሲል መንገዱን ዘጋበት።

«ጋሼ፣ በልተውት ከሆነ በልቼዋለሁ ይበሉኝ። ቁርጤን ልወቅ።»

ሽማግሌው ግራ ቀኙን አየ። በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ልጄ፣ ስለ ባለቤትህ ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ» አለ ቀስ ብሎ።

«ስለ እሷ ለእኔ ይነግሩኛል?» አቋረጠው። «እባክዎ እሷን እንኳ ይተዉልኝ። እኔ እኮ የቀረኝ ነገር የለም። ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን ለጠራቢው ነግሬው መጥቻለሁ፤ ‹ከሞት በቀር ማንም ያልለየን› የሚል ነው። እሱን አቁሜላት ልሂድ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሽማግሌው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ጸጉር አስተካካዩ ሌባ ሲያዝ እንዲህ ነው ብሎ አሰበ።

«እስከ ቅዳሜ ስጠኝ» አለ ሽማግሌው።

ቅዳሜ ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ መጣ። ገንዘቡን በፖስታ አድርጎ መስታወቱ ሥር አስቀመጠ። የሚላጩትም ተራ የሚጠብቁትም ዞረው ፖስታውን አዩ። ከዚያ አንዱ ከጥግ ሆኖ ጠበቅ ሲያደርጓቸው መቼም ይተፉታል አለ፤ ሳቅ ሆነ። ሽማግሌው እንዳልሰማ ሆነ። አንዱ ወንበር ባዶ ነበር፤ ዓይኑ ለአፍታ ወንበሩ ላይ አረፈ። ጸጉር አስተካካዩ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ማበጠሪያውን ያጥብ ጀመር። ሽማግሌው ጸጉሩን እንደተሸከመ ወጣ።

ድንጋዩ በሚቀጥለው ሳምንት ቆመ። ጸጉር አስተካካዩ ፊደሎቹን በጣቱ እየዳሰሰ እስኪወጣለት አለቀሰ። ሞተሽም አላሳፈርሽኝም አላት። ከዚያ ባለቤት ያልመጣለትን ሻንጣ እንደተቆለፈ ተሸክሞ ወደ እህቱ ሄደ።

በዚያው ማታ የሽማግሌው ሚስት ባሏ ፊት ተቀመጠች። አምባርዋን ለምን እንደሸጠባት እስኪነግራት ድረስ እንደማትነሳ ነገረችው። የተከራዮቹን ገንዘብ በልተህ ከሆነ የት አደረስከው፣ ካልበላህስ ሰው ሁሉ ሌባ ሲልህ ለምን ዝም አልክ ብላ አፋጠጠችው።

«እኔ ጋ ምንም ገንዘብ አልነበራቸውም» አለ ሽማግሌው። «ሚስትየዋ ልትሞት ጥቂት ቀን ሲቀራት ጠቅላላውን ከእጄ ወስዳዋለች፤ ለብቻዬ የምኖርበት ቤት አግኝቻለሁ፣ ባሌን ጥዬው ልሄድ ነው፣ አደራ እስክወጣ ድረስ እንዳይነግሩት ብላኝ።»