ከአጥሩ ወዲያ

ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ወዲህ ያለው የፌዴራል ነው፤ ወዲያ ያለው የክልሉ። የፌዴራሉ ፖሊስ ምሳውን ሁልጊዜ ከአጥሩ ወዲህ፣ ከዋንዛው ሥር ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ሰሞኑን ግን እህል አልወርድ አለው። አንድ የክልል ፖሊስ በምሳ ሰዓት እየመጣ፣ ከሽቦው ማዶ ቆሞ ትክ ብሎ ያየዋል። ሰላምታ የለ፣ ወሬ የለ።

«አንድ ነገር አስበዋል» አለ ለአለቃው። «መሬቱን ከሰጡን ወዲህ ዓይናቸው ከዚህ አልተነቀለም።»

«ካለፈ ያዘው» አለ አለቃው። «በክልሉ መሬት ላይ ቆሞ ቢያይ ግን ምን ሥልጣን አለን?»

ዛሬ ሰውየው አጎንብሶ ከሽቦው ሥር አንድ ነገር ወደ ውስጥ ሲገፋ ደረሰበት። ጠመንጃውን አቀባበለ።

«እጅህን አንሳ! ምንድነው እሱ?»

«በርጩማ ነው» አለ ሰውየው፣ እጁን እንዳነሳ። «ላንተ ነው ያመጣሁት። እኛ ዘንድ ሰው የሚቀበረው ከደጁ ነው። አጥሩ ሲመጣ እኛ ተነሣን፣ አባቴ እዚያው ቀረ።»

በአገጩ ወደ ዋንዛው አመለከተ። ምሳ ዕቃው ገና ድንጋዩ ላይ ነበር።