የዞረው ገበታ

አባቱ ከወደቁ ወዲህ አንደበታቸው ተይዟል፤ የሚታዘዛቸው አንድ እጅ ብቻ ነው። በጎናቸው ስለሚተኙ ልጃቸው የፊደል ገበታ በስክሪን ሠርቶ፣ ለዓይናቸው እንዲቀና አዞረላቸው። ከጠዋት ጀምሮ በማውስ ፊደል ይነካሉ፤ የሚጻፈው ግን ዝብርቅርቅ ብቻ ሆነ።

«ውሃ ጠምቷቸው ይሆን? አሟቸው ይሆን? ኧረ በእመቤቴ ቶሎ በል!» አለች እህቱ ትርሲት፣ እንባዋን እየዋጠች።

«ቆዪ ትርሲትዬ፣ ደርሻለሁ» አለ፣ ጀርባውን ለአልጋው እንደሰጠ።

ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠ ቀኑ መሸበት። ከኋላው የሚሰማው የአባቱ የማውስ ጠቅታ እየተራራቀ ሄዶ ቆመ። በመጨረሻ ስህተቱ ተገለጠለት፤ ያዞረው የገበታውን ሥዕል ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አባቱ የነኩትን ነጥብ አሁንም የሚፈልገው ባልዞረው ገበታ ላይ ነበር። እያንዳንዱን ነጥብ በዚያው ልክ መልሶ እንዲያዞር አዘዘውና ከጠዋት ጀምሮ የተነኩትን ሁሉ እንደገና አስነበበው።

ዝብርቅርቁ ተፈታ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ከሥሩም ያው፣ ከዚያም ሥር ያው፣ እስከ ስክሪኑ ግርጌ ድረስ።

«ልጄ ፊትህን ወደ እኔ አዙር»

የመጨረሻው «ልጄ ፊትህን» ላይ ተቋርጧል።