ፈቃድ የማይጠይቀው ፕሮግራም

አንዳርጌ ሰው ሠራሽ ልብ ሲገጠምለት ሆስፒታል የፈረሙለት ታላቅ ወንድሙ ጋሽ መኩሪያ ነበሩ። ታላቅ እያለ ሚስት እንዴት ትፈርማለች ተባለ። ስለዚህ የልቡ አስተዳዳሪ እሳቸው ሆኑ፤ ሲፈልጉ ከደብረ ብርሃን ሆነው ምቱን በስልካቸው እያዩ ያፋጥኑታል፣ ያዘገዩታል።

ሚስቱ ስንዱ ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም አግኝታ ስልኳ ላይ ጫነች። የልብ ምቱን ያሳያል እንጂ ምንም መንካት አይችልም።

«ስንት ይላል?» አላት አንዳርጌ፣ ወደ ሥራ ለመሄድ ጫማውን እያሰረ።

«ሰባ ሁለት። አንዳርጌ፣ ልጃችንን ስንቀብር ለምን እንዳላለቀስክ አስበህ ታውቃለህ?»

እጁ ማሰሪያው ላይ ቀረ። «ጋሼ ቀንሰውት ነው እንዳትዪኝ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሄደህ ጠይቃቸው።»

«እጠይቃለሁ! ዛሬውኑ! የገዛ ልቤን ካልመለሱልኝ ወንድምነታችን እዚህ ላይ ያበቃል!»

ቁጥሩ ዘጠና አምስት ደረሰ። ስንዱ እንዲህ ሲቆጣ ካየችው ሁለት ዓመት ሆኗት ነበርና እንባዋ መጣ።

ከዚያ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ሰማንያ። ስልሳ ስድስት። ሃምሳ አራት።

«አንዳርጌ?»

«ወዬ?» ፈገግ ብሎ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ተይው ስንዱዬ። ጋሼ የሚበጀኝን ያውቃሉ።»