አሥራ ሦስተኛው ወር

ሆሳዕና፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ መረጃ መዝጋቢ ነኝ። የሕፃናቱን ቅጽ ቢሮዬ ባለው ኮምፒውተር እሞላለሁ፤ ኔትወርክ ሲመጣ ያው ቅጽ በኢንተርኔት ወደ ክልል ጤና ቢሮ ይሄዳል።

ልጄ ሂክማ በአሥር ወሯ፣ ጳጉሜን ሦስት 2007 ሞተች። በገዛ እጄ መዘገብኳት። የቢሮዬ ኮምፒውተር ተቀበለኝ፤ የኢንተርኔቱ ቅጽ ግን የሚያውቀው ጳጉሜን የሌለበት የአሥራ ሁለት ወር ዓመት ብቻ ስለሆነ ቀኑን መለሰው። የማን አገር ሰው እንደሠራው እንጃ!

«መስከረም አንድ በይውና ይለፍ» አሉኝ ኃላፊዬ አቶ ኤርጫፎ።

«ልጄ ለአዲስ ዓመት አልደረሰችም» አልኳቸው።

ቀኑን አልቀየርኩም፤ ሞቷም ሳይላክ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ሂክማ ክልል ላይ በሕይወት ቀረች።

በጥቅምት የሂክማን ቅጽ ስከፍት የወሩ ክብደቷ ተሞልቷል፤ ስምንት ኪሎ። በኅዳር ስምንት ተኩል። የሚቀልድብኝን ሰው ልሰድብ ክልል ደወልኩ። ባለሙያው አይቶ፣ «እህቴ፣ የተሞላው ካንቺው ኮምፒውተር ነው» አለኝ።

ዛሬ፣ በታኅሣሥ፣ ቅጹን ከፍቼ ሁለቱንም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር። ክብደት፦ ዘጠኝ ኪሎ። ከዚያ «ሕፃኑን ያመጣው ሰው» የሚለው ቦታ ላይ ትንሽ ቆሙና ቀጠሉ፦

«የለም። በእግሯ መጣች።»