ማሂራ ያጸዳችው በር

«ስሙን እንዳትጠሪ» አለ ፋሂም ሚስቱን፣ ጋዜጠኛዋ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገና ሳታስተካክል። «የሕንጻውንም፣ የሰውየውንም። በዚህ ከተስማማን ተናገሪ፤ ካልሆነ ተነሺ፣ እንሂድ።»

ኩልሱም በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች የሻርፗን ጫፍ እየጠቀለለች መሬት መሬቱን ታያለች። ልጃቸው ማሂራ ከሞተች ወዲህ ይህች ሴት ለባሏ የምትሰጠው መልስ ዝምታ ብቻ ሆኗል። ፋሂምም እንግዲህ ከስድብ የሚከፋ ዝምታ እንዳለ በስተርጅና ተምሯል።

ያሉት መርካቶ፣ ቲጃኒ መስታወት ቤት ውስጥ ነው። ቲጃኒ የፋሂም የልጅነት ጓደኛ ነው፤ የመስታወት ቆራጮች ማኅበርም ሊቀመንበር። ማኅበሩ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሰው የሚገባ የሚወጣበት በር ሁሉ ሲሰበር እንደ ጨው ብትን የሚለው ጠንካራ መስታወት ይሁን፣ እንደ ቢላ እየሾለ የሚወርደው ተራው መስታወት ይቅር ነው የሚሉት። ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። «ውዱን ልትሸጡልን ነው» ተብሎ ተሳቀባቸው። ነጋዴ እውነት ቢናገርስ ማን ያምነዋል? እናት ስትናገር ግን ሰው ይሰማል ብሎ ነው ቲጃኒ ጋዜጠኛዋን ኢሕሳንን ከሬዲዮ ጣቢያ ለምኖ ያመጣት።

ኢሕሳን ገና ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ለስለስ ያለ ነው። «እሺ አባባ፣ ስም አንጠራም። እማማ፣ እስቲ ስለ ማሂራ ይንገሩኝ።»

ኩልሱም ቀና አለች። «ኢንተላ ኮ» ብላ በኦሮምኛ ጀመረችና በአማርኛ ቀጠለች። «ልጄ ጽዳት ነበር የምትሠራው፣ አዲስ ሕንጻ ላይ። መስታወት ሲገጠም ሰው እንዳይጋጨው ነጭ ኤክስ ይቀቡበት የለ? የምርቃቱ ቀን ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ ምልክቱን አጥፊው፣ መስታወቱ ፏ ይበል አሏት። እሷ ደግሞ እጇ የነካው ሁሉ ያምራል። በሩ የለም እስኪባል ድረስ አጸዳችው።»

«ከዚያስ እማማ?»

«ከዚያማ አለቃዋ ከውጭ ጠራት። አቤት ብላ ሮጠች። ክፍት መስሏት።»

ፋሂም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የልጁን አስከሬን ያጠቡት ሴቶች ያዩትን እስከ ዛሬ አልነገሩትም፤ እሱም መስማቱን ፈርቶ አልጠየቀም።

ኢሕሳን «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ቦታው የት እንደሆነ ካልተነገረ አለቆቼ አያስተላልፉትም። ይሄ ወሬ እንጂ ዜና አይደለም ይሉኛል።»

«እንግዲያው ይቅር።»

«ኧረ ፋሂም፣ ስማኝ እንጂ» አለ ቲጃኒ። «በተሰበረው ምትክ ምን ያስገጠሙ ይመስልሃል? ያንኑ ተራውን ነው። እኔ አልቆርጥም ብዬ ብመልሳቸው ሌላ ቦታ ሄደው አስቆረጡ። ዛሬም ሌላ የሰው ልጅ ጠዋት ጠዋት እየወለወለችው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? በሽማግሌ ፊት አፉ ብያለሁ። ሰውየው፣ የሕንጻው ባለቤት፣ እግሬ ላይ ወድቆ፣ ፋቲሃ ተቀርቶ፣ ሁለተኛ ላላነሳው ቃል ገብቻለሁ። የሰጡትን ይቅርታ በሬዲዮ መልሰው ይቀማሉ? ቀደር ነው ቲጃኒ። አላህ የጻፈውን ወፍራም መስታወት አይመልሰውም።»

የምሩን ነው። በሰፈሩ በቾ ቦሬ ስንቱን ደመኛ ያስታረቀ፣ ቃሉ እንደ መሐላ የሚቆጠርለት ጃርሳ፣ የአገር ሽማግሌ ነው ፋሂም። አስታራቂው የራሱን እርቅ ካፈረሰ ነገ ማን ማንን ይሸመግላል? ያን ዕለት ግን ኩልሱምን አፉ ትያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። እርቁ የወንዶች ነበር። እሷ ጓዳ ሆና ፋቲሃው ሲቀራ ሰማች፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ኩልሱም ተነሳች። «በቃ ልጄ፣ ተዪው» አለች ኢሕሳንን። «እሱ አፉ ብሏል።»

መንገድ ሲሄዱ ምንጊዜም ፋሂም ከፊት፣ ኩልሱም ከኋላ ናቸው። አሁን ግን ቲጃኒ ክንዱን ይዞ ስላስቀረው እሷ ቀድማ ወደ በሩ አመራች።

የቲጃኒ ሱቅ በር ጠዋት ወደ ላይ የሚጠቀለል፣ ማታ የሚወርድ ቆርቆሮ ነው። በዚያ ሰዓት ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ባጃጆቹ ሲያልፉ ይታያሉ፣ አቧራቸው እስከ ጠረጴዛው ድረስ ይገባል። ኩልሱም ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀኝ እጇን ወደ ፊት ዘረጋች። በጨለማ ግድግዳ እንደሚዳስስ ሰው ባዶውን አየር በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ምንም እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ ነው እግሯን አንስታ የተሻገረችው።

ፋሂም ከቆመበት ሆኖ አያት። ከዚያ ቀን ወዲህ አብሯት ስንት ቤት ገባ፣ ስንት ቤት ወጣ። አንድም ቀን ዞር ብሎ አላያትም።

ክንዱን ከቲጃኒ እጅ አላቅቆ እሷ የተነሳችበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ያ ስልክሽ አሁንም ይቀዳል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሰውየውን አፉ እንዳልኩት ነኝ፤ ስሙን አልጠራም። በሩ ግን እዚያው ቆሟል» አለ። እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ ሕንጻው የት ሰፈር እንደሆነ፣ በሩም በየት በኩል እንደሚገኝ ተናገረ። ቃሉን ማፍረሱ እንደሆነ ያውቃል፤ ነገ ሽማግሌዎቹ የሚሉትንም ያውቃል።

ኩልሱም የባሏን ድምፅ ሰምታ ከመንገዱ ዳር ዞረች። ልትገባ ደፉ ላይ ደረሰች፤ አሁንም እጇን ዘረጋች።