በነጻ የመጣው አፈር

ገድሉ ዶዘሩን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

"ምን ሆንህ? ቀጥል እንጂ!" ፀሐይወርቅ ከጥበቃ ቤቱ በር ላይ ሆና ጮኸች። ሰማዩ ከጣና በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነው፤ ከተማው ዛሬ የጣለው ቆሻሻ ደግሞ ገና አፈር አልለበሰም። ዶዘር የሚቆምበት ሰዓት አልነበረም።

ገድሉ ወርዶ አዲስ ከተራገፈው አፈር ፊት ተንበረከከ፤ በእጁ ሲጭር ቆየና ኮፍያውን አውልቆ አንድ ነገር አኖረበት። እየሮጠች ስትደርስ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋላት።

መንጋጋ ነው። ጥርሶቹ አልረገፉም።

"የበግ ነው" አለች። ቆሻሻ መጣያ ላይ አጥንት ብርቅ አይደለም። ግን ቃሉ ገና ከአፏ ሳይወጣ ውሸት መሆኑን አውቃዋለች።

"እስቲ ደግመሽ እዪው።"

አላየችውም።

ፀሐይወርቅ የዚህ ቆሻሻ መጣያ ኃላፊ ናት፤ ከቆሻሻው ይልቅ የሚያስጨንቃት አፈሩ ነው። ቆሻሻው አመሻሹ ላይ አፈር ካልለበሰ ዝንቡና ሽታው ከታች ካለው መንደር ይገባል፤ ዝናብ ከቀደመ ደግሞ ጥቁር ውሃው ወደ ገበሬው ጅረት ይወርዳል። አምና ወርዶ ከብት ታሞበታል። የሚገዛው አፈር በየጊዜው እየተወደደ፣ በጀቱ እየሳሳ ሲሄድ ፀሐይወርቅ አፈሩን እንደ ቅቤ እያሳሳች ስታስቀባ ከረመች። ባለፈው ማክሰኞ ግን እግዜር የሰጣት መሰላት። አንድ ቤተ ክርስቲያን ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ሲያስቆፍር አፈሩን የሚደፋበት አጥቶ ኖሮ "ውሰዱልን" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀይ አፈር በነጻ ሲራገፍላት ሰነበተ። አለቆቿም ስልክ ደውለው አመሰገኗት።

"እኔ በዚህ አፈር ላይ ዶዘር አልነዳም" አለ ገድሉ።

"ዝናቡስ?"

"ዝናቡን አንቺ እወቂበት።"

ስልኳን አውጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደወለች።

የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ መምሬ ፍቅረ ማርያም በባጃጅ ደረሱ። ኮፍያው ውስጥ ያለውን አይተው አማተቡ።

"ኮንትራክተሩ አጽሙን አንድ ሳይቀር ከመቃብሩ አፍልሻለሁ ብሎን ነበር" አሉ። "መሠረቱ በተቆፈረበት በሰሜን በኩል የተቀበሩት እንግዶች ናቸው፣ ልጄ። ከቁንዝላ፣ ከጎርጎራ በታንኳ ለገበያ መጥተው ንዳድ ያስቀራቸው። ዘመድ የላቸውም። ማን ይጩህላቸው?"

"አፈሩን መልሼ ላስጭነው፣ አባ? ግን ቆሻሻው ራቁቱን ነው። ሌላ አፈር ዛሬ አላገኝም።"

መምሬ ወደ ደመናው ቀና አሉ። "አጽሙን እንልቀም። አፈሩማ አፈር ነው፤ አልብሱበት።"

ሠራተኞቹ ሁሉ ተጠሩ። አካፋ ተከለከለ፤ በእጅ ብቻ። ክምሩን በጣታቸው እየበተኑ ያገኙትን በመምሬ ነጠላ ላይ ያኖራሉ፤ ተለቅሞ ያለቀውን አፈር ገድሉ እየገፋ ያለብሳል። ነፋሱ ቀድሞ ደረሰ። ፌስታሉ እየተነሣ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል። ፀሐይወርቅ እጇ ላይ ጠጠር ያለ ነገር በገባ ቁጥር ልቧ ይዘላል፤ ሥር ይሆናል፣ ድንጋይ ይሆናል። አንዴ ግን የልጅ ክንድ ሆነ። በሁለት እጇ ይዛ ነጠላው ላይ አኖረችው።

የመጨረሻው ክምር ሲያልቅ ማካፋት ጀመረ። መምሬ ነጠላውን ቋጥረው ደረታቸው ላይ አቀፉት።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጆቼ። ዛሬውኑ በክብር ያርፋሉ።" ወደ ባጃጁ መራመድ ጀመሩ።

ፀሐይወርቅ ገድሉን አየችው። አቀርቅሮ ጓንቱን ያራግፋል። ሁለቱም ያውቃሉ። የማክሰኞው አፈር፣ የረቡዑ፣ የትናንቱ፣ ሁሉም ተነጥፏል፤ በላዩ ቆሻሻ፣ በቆሻሻው ላይ ደግሞ ሌላ አፈር። ዶዘር አጽም አይለይም። ዝም ካለች ሽማግሌው ዛሬ እፎይ ብለው ይተኛሉ። ከተናገረች ነገ ምእመኑ ይሰማል፤ ነገ በዚህ በር ላይ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሥራዋም፣ የሥራዋ ስምም በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

መምሬ ግማሽ መንገድ ደርሰዋል።

"አባ!"

ቆሙ።

"የዛሬው ብቻ አይደለም።" ተከትላቸው ደረሰች። "ከማክሰኞ ጀምሮ ሳናውቅ ስናለብስበት ነበር። ከሥር ገብቷል። ልናወጣው አንችልም።"

"የት ላይ?"

"እርስዎ ከቆሙበት እስከ አጥሩ።"

መምሬ እግራቸው ሥር ያለውን መሬት ተመለከቱ። የዶዘሩ ሞተር ጠፍቷል፤ ዝናቡ ፌስታሉ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ፀሐይወርቅ ቁጣ ጠበቀች። ግዝት ጠበቀች። እሳቸው ግን ቋጠሮውን እንዳቀፉ፣ አንዱን ጫማ በሌላው እግራቸው ገፍተው አወለቁት። ከዚያም ሁለተኛውን።

"ኧረ አባ፣ ጠርሙስ አለበት! መርፌም አለ!"

አልሰሟትም። መስቀላቸውን አውጥተው ዝግ ባለ ድምፅ ፍትሐቱን ጀመሩ። ገድሉ ቦቲውን አወለቀ። ሌሎቹም እየተያዩ አንድ በአንድ ተከተሉት። በሩ ላይ የቆሻሻ መኪኖች ተሰልፈው ክላክስ ያሰማሉ፤ የሚከፍትላቸው የለም።

ፀሐይወርቅ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። እግሯን በቀስታ አሳረፈች። ዝናቡ ቀዝቃዛ ነው፤ ከእግሯ ሥር ያለው አፈር ግን ይሞቃል።